ዲስክ ቀይሬም ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል

መነሻው

ይህን ጥያቄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ፣ ወሬውም ወዲያ ወዲህ እያለ ስለሄደ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ግራ እንዳይጋባ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልተርከው።

ችግሬ እንዲህ ነው። በሰዓት 50 እና 60 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ፍሬን ብይዝ ምንም አይሰማኝም። አውራ ጎዳና ላይ 110 ደርሼ ፍሬን ስረግጥ ግን መሪው እጄ ላይ ግራ ቀኝ ይርገበገባል። የእጅ ሰዓቴ ሳይቀር ክንዴ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነቱ ሲወርድ ምቱ እየዘገየ ይመጣና 70 ገደማ ላይ ይጠፋል። እግሬን ካነሳሁ ወዲያው ጸጥ ይላል።

ከዓመት በፊት ይኸው ነገር ገጥሞኝ የፊት ሁለቱን ዲስኮች ከነሸራቸው (ፍሬን ሲያዝ ዲስኩን ከሁለት ወገን ከሚጨብጡት) አስቀይሬ ነበር። ለጥቂት ወራት መኪናው ሰላም ሆነ። ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ግን ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ መጣ። የሠራልኝ ጋራዥ ዲስኩ ተጣሟል፣ እንደገና መቀየር አለበት አለኝ። ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ የምነዳው መኪና ነው። ፍሬኑን ካላመንኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ያንኑ ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ ከመቀየሬ በፊት ምኑን ላስለካ?

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ትሁት ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ። መንቀጥቀጡ የሚሰማኝ መሪው ላይ ይሁን፣ መቀመጫው ላይ ወይስ ፔዳሉ ላይ፤ ፍሬን ሳልይዝስ ይኖር እንደሆነ፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር። ለምን እንደሚጠይቅም አስረዳኝ። መሪው የተያያዘው ከፊት ጎማዎች ጋር ስለሆነ የፊት ፍሬን ችግር አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይታወቃል። የኋላው ግን ወንበርና ወለል ነው የሚያንቀጠቅጠው። የፔዳል መምታት ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል።

መልስ 2። እኔው ነኝ። መሪው ላይ እንደሆነ፣ ፍሬን ስይዝ ብቻ እንደሚመጣ፣ ፔዳሉም እግሬን በስሱ እንደሚመታኝ ጻፍኩ።

መልስ 3። ይህኛው ሳያመነታ ችግሩ የጎማ ባላንስ መሆኑን ደመደመ። ከቸርኬው ላይ የእርሳስ ክብደት ወድቆ ይሆናል ባይ ነው። አራቱንም ጎማ ባላንስ ካስደረግኩ እንደምገላገል ቃል ገባልኝ።

መልስ 4። ቀጣዩ በዚህ አልተስማማም፤ አነጋገሩም ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። መነሻውን ሳያነቡ መልስ መስጠት ሰውን ለከንቱ ወጪ እንደሚዳርግ ተናገረ። የባላንስ ችግር ፍሬን አይጠብቅም። ከ80 እስከ 120 ባለው ፍጥነት ዝም ብሎ ሲሄዱም መሪውን ያርገበግበዋል። እግር ፍሬን ላይ ሲያርፍ ብቻ የሚመጣ፣ ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ መፈለግ ያለበት ፍሬኑ አካባቢ ነው። ቁጣው ቢቀርበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ባለ 3 ቁጥሩም ያላነበበውን አንብቦ ስህተቱን ተቀበለ።

መልስ 5። አንዲት እህት ኤቢኤሱ ሊሆን አይችልም ወይ ስትል ጠየቀች። አንዳንዶች አልፈዋት ሄዱ። እኔ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስለሆነ። ኤቢኤስ የሚሠራው ጎማ ሊንሸራተት ሲል ነው። ያኔ ፔዳሉ እግር ሥር በፍጥነት ይንገጫገጫል፤ የማጉረምረም ድምፅም ይሰማል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በለስላሳው ሲያዝ የሚመጣ የመሪ መርገብገብ ከዚህ የተለየ ነው።

መልስ 6። እዚህ ላይ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ እንዳሳለፉ የነገሩን አንድ አባት ረጅም መልስ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

እሳቸው እንደሚሉት፣ ዲስክ ተጣመመ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መጣመም አይደለም። መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዲስኩ ሲዞር ወደ ጎን መወዛወዙ ነው። ሁለተኛው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። እጃችን የሚሰማው በዋናነት ሁለተኛውን ነው። ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መካከል ሲያልፍ ፍሬኑ ጠበቅ ይላል፤ ስሱ ሲያልፍ ላላ ይላል። ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ብዙ መኪና ላይ ይታወቃል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ገደማ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ማለት ነው።

ታዲያ አዲስ ዲስክ ገብቶ ለወራት ሰላም ሆኖ ለምን ይመለሳል? የእኔ ጥያቄ እምብርት ይህ ነበር፤ መልሳቸውም አጥጋቢ ነው። አዲሱ ዲስክ ውፍረቱ እኩል ነው። ነገር ግን ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ዝገት ካለ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ሞዞው ላይ ያለች ጥቂት ክፍተት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች። ዲስኩ ሲዞር ይወዛወዛል። ፍሬን ባይያዝም አንዱ ቦታ በየዙሩ ሸራውን ላፍ እያደረገ ያልፋል። ጎማ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ያ ቦታ በአንድ ሰዓት ጉዞ 50,000 ጊዜ ይታከካል ማለት ነው። በሺዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ ዲስኩ ይሳሳል። ያኔ መንቀጥቀጡ ይጀምራል። ጥፋተኛው ዲስክ ይመስላል፤ ይጣላል። አዲስ ይመጣል፤ ያው ዝገት ላይ ይቀመጣል።

በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ለምን እንደሚሰማም ነገሩን። ዥዋዥዌ በራሱ ምት ሲገፉት ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ የመኪናው የፊት እግር (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) እና መሪም የራሳቸው ምት አላቸው። የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር የሚገጥመው በአውራ ጎዳና ፍጥነት ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ስህተቱ ቢኖርም እጅ ላይ ብዙም አይታወቅም።

መልስ 7። እዚህ ጠብ ተጀመረ። አንድ መካኒክ ነኝ ባይ ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ መሆኑን ጻፈ። ዲስክ በሙቀት እንደሚጣመም፣ በተለይ የጋለ ዲስክ የውኃ ኩሬ ውስጥ ሲገባ እንደሚበላሽ፣ እሱ በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። መለኪያ መያዝ የሥራ ፈት ጨዋታ እንደሆነም አከለ። ለአንድ አባት እንዲህ መጻፉ ደስ አላለኝም።

መልስ 8። ሌላው ተነስቶ ባልተናነሰ ቁጣ መለሰለት። ሳይለካ ዲስክ የሚቀይር ሰው ለደንበኛው እንደማያስብ፣ እኔ ሁለተኛ ዲስክ ልገዛ የደረስኩትም በእንዲህ ዓይነት አሠራር እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስድድቡ ጥቂት ቀጠለ፤ እሱን አልተርከውም።

መልስ 9። ነገሩን ያበረደችው የራሷን ገጠመኝ ያመጣች ሴት ናት። ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗን ይዛ ቆየች። ታች ስትደርስ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ፣ ፔዳሉን አጥብቃ እንደረገጠች ጠበቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪዋ ይንቀጠቀጣል። ጎማው ሲፈታ ዲስኩ ላይ የሸራው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ሲቆም ከራሱ ላይ ጥቂት ዲስኩ ላይ ይተዋል። እዚያ ቦታ አያያዙ ይለያል። አሁን ከቁልቁለት በኋላ ስትቆም ሁኔታው ከፈቀደ መኪናዋን ትንሽ ወደፊት ታስኬዳለች፤ ሸራው አንድ ቦታ ላይ እንዳይቀመጥ።

መልስ 10፣ 11 እና 12። ቁልቁለት ሲነሳ ወሬው ከመንገዱ ወጣ። አንዱ በማርሽ መውረድ ሞተር ይጎዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ተገቢ በሆነ ማርሽ መውረድ ሞተር እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም ፍሬንን ከግለት እንደሚያድን መለሰ። ሦስተኛው ወደ ፍሬን ዘይት ዞረ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት እንደሚስብ፣ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት እንዳለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 155 ብቻ እንደሆነ ዘረዘረ። እውነት ነው፤ ጠቃሚም ነው። ግን የፈላ ዘይት ፔዳልን ያሰምጣል እንጂ መሪ አያንቀጠቅጥም።

መልስ 13። አንዱ አደገኛ ምክር ሰጠ። ችግሩ ከፊት ይሁን ከኋላ ለመለየት በ110 እየሄድኩ የእጅ ፍሬን እንድስብ ነገረኝ። እባካችሁ ይህን ማንም እንዳይሞክር። የኋላ ጎማ በዚያ ፍጥነት ከተያዘ መኪናው ይዞራል። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ነቀፉት፤ ትክክል አደረጉ። መሪው ላይ የሚሰማ ከሆነ ፊቱን ፈትቶ ማየት ይቀላል።

መልስ 14። ይህኛው አጭር ነው፤ ግን ለብዙ ሰው የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በአየር የሚሠራ መፍቻ የጎማ ቡሎኖችን እኩል አያጠብቅም። አንዱ ከልክ በላይ፣ ሌላው በመጠኑ ይጠብቅና ዲስኩን ያዘነብለዋል። መጠኑ እንደየመኪናው ይለያያል፤ በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ በዙሪያ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠበቃል። የራሴ ዲስክ ሲቀየር ቆሜ አይቻለሁ። ያ መፍቻ እየጮኸ አምስቱን ቡሎን በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሳቸው።

መልስ 15። እኔ እንዴት እንደሚለካ ጠየቅኩ። እኒያ አባት ሳይሰለቹ ተመለሱ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጠንካራ ማስደገፊያ ይደረግለታል፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማው ይወጣል። ዲስኩ እንዳይላላ ቡሎኖቹ ከነወፍራም ዋሸራቸው ተመልሰው በእኩል ይጠብቃሉ። ሰዓት የሚመስለው መለኪያ በማግኔቱ ከእግሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ጫፉ ከዲስኩ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ያርፋል። ዲስኩ በእጅ ቀስ ብሎ አንድ ዙር ይዞራል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ውዝዋዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ ደግሞ በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ይለካል። የጎማ ኩሽኔታውም ይፈተሻል፤ ኩሽኔታ ልል ከሆነ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

መልስ 16። ቅዳሜ ጠዋት መለኪያ ካለው ወዳጄ ጋር ተቀመጥን። ቀኝ ጎማ 0.04 አነበበ። ግራውን ስናዞረው መርፌዋ ተነስታ ሄደች፤ 0.13። ውፍረቱን ስምንት ቦታ ለካን። ሰባቱ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። አንዱ ቦታ በ0.03 ሳስቶ ተገኘ። ከፍተኛ ውዝዋዜ ካነበብንበት ቦታ አጠገብ ነው።

ዲስኩን አወጣነው። ሞዞው ላይ በሁለት ቡሎኖች መካከል የደረቀ የቁስል ቅርፊት የመሰለ ዝገት ተነስቷል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል። የዲስኩ ጀርባም እዚያው ላይ ያብረቀርቃል፤ እዚያ ቦታ ብቻ ነው የነካው። አዲስ ዲስክ ሲገባ ማንም ይህን አልጠረገም። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግነው። የቡሎኖቹን ሥርና መሀሉን ሳይቀር አጸዳን። መልሰን አስረን ስንለካ 0.05 ሆነ። ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙረን አስቀመጥነው። ያኔ 0.03 አነበበ።

ይህን ስጽፍ ደስታም ንዴትም ነበረብኝ። ሁለት ዲስክ ያስጣለኝ ሳይደረግ የቀረ የአሥር ደቂቃ ጽዳት ነው።

መልስ 17። አንዱ የካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ፒኖች አየሃቸው ወይ በማለት አስጠነቀቀኝ። እሱ መኪና ላይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ነበር። ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌላው ይግላል፤ የተቃጠለ ሽታም አለው። ሸራዎቹ ሲወጡ የውስጠኛው አልቆ የውጪው ወፍራም ነበር። የእኔን ፈተሽኩ፤ በእጅ ሲገፉ ይንሸራተታሉ። ቢሆንም ጠርጌ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ቀባኋቸው።

መልስ 18። ሌላው የፊት እግር ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ላስቲክ) ቀይሮ እንደዳነ ጻፈ። ስለዚህ ዲስክ መንካት አያስፈልግም ባይ ነው።

መልስ 19። ባለ 4 ቁጥሩ ተመለሰ፤ አሁን ግን ረጋ ብሎ። ያለቀ ጎሚኒ ወይም የላላ የመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) መንቀጥቀጡን እንደማይፈጥር፣ ግን እንደሚያጎላው ገለጸ። ደህና ጎሚኒ ሊውጠው የሚችለውን ያለቀው ወደ እጅ ያሳልፈዋል። የባለ 18 ቁጥሩ መኪና የዳነችው ስህተቱ ትንሽ ስለነበር ይሆናል። እኔም በዚህ አምናለሁ። ጎሚኒው ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ ዲስኩ ግን ይለካ።

መልስ 20። የሳሳውን ዲስክ ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ነገሩኝ። አንዱ ጣለው ባይ ነው፤ ሁለተኛው በቶርኖ ይላጥ ይላል። ሦስተኛው ያለው አሳመነኝ። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ተጽፏል፤ መጀመሪያ እሱ ይታይ። የእኔ ላይ የተጻፈው 23 ሚሊ ሜትር ነው። ሲለካ 24.6 ነበር። ስለዚህ መላጥ ይችላል። ሲቻል ዲስኩ ከመኪናው ሳይወጣ፣ እዚያው ሞዞው ላይ እንዳለ የሚልጥ ማሽን ይመረጣል፤ የሞዞውንም ስህተት አብሮ ስለሚያስተካክል። ያን አላገኘሁም። ሞዞው ስለጸዳ ሁለቱንም ዲስክ በተለመደው ቶርኖ አስላጥኩ። የግራው 24.4 ሆኖ ወጣ። መልሰን አስረን ለካነው፤ አሁንም 0.03 ነው።

መልስ 21። ያቺው ስለ ኤቢኤስ የጠየቀችው እህት አዲስ ሸራ እንዴት እንደሚለማመድ ጠየቀች። እኔም አዲስ ሸራ ስላስገባሁ መልሱ ጠቀመኝ። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 አካባቢ፣ ሳይቆሙ፣ በመጠኑ ጠንከር አድርጎ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ፍሬን መያዝ ነው። በየመሀሉ ጥቂት ነድቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቀድማል። አዲስ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ዝገት እንዳይዘው የተቀባው ዘይት አስቀድሞ ይታጠብ።

መልስ 22። ባለ 7 ቁጥሩ ሰው ከሳምንታት በኋላ ብቅ አለ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን መለኪያ ተውሶ አንድ ደንበኛ መኪና ላይ ሞክሮ ነበር። ቀኝ ጎማ 0.11 አግኝቶ፣ ሞዞውን ጠርጎ ወደ 0.04 እንዳወረደው ቁጥሩን አስቀመጠልን። የጋለ ዲስክ ውኃ ሲነካው ይበላሻል የሚለውን አልተወም። እኒያ አባትም ያ አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም አልካዱም፤ የተሰነጠቀ ዲስክ እሳቸውም አይተዋል። መለኪያውን ከየት እንደገዙት ጠየቃቸው። ሁለቱ ስለ መለኪያ ዓይነት ሲያወሩ ብዙ መልስ ሄደ።

መልስ 23። አንዱ የእሱ መኪና ፍሬን ሲይዝ ወንበሩ እንደሚንቀጠቀጥ፣ መሪው ግን ጸጥ እንደሚል ጻፈ። ከኋላ መጀመር እንዳለበት፣ የኋላው ታምቡር ከሆነም ክብነቱን እንዲያስለካ ነገርኩት። ፍጥነቱንና ፔዳሉ መምታት አለመምታቱን ጽፎ በራሱ ጥያቄ እንዲከፍተው ለመንኩት።

መልስ 24። የእኔ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ 8,200 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ባለፈው ጊዜ የተመለሰው 6,000 ላይ ነበር። ትናንት ግራውን ጎማ ፈትቼ እንደገና ለካሁ። ውዝዋዜው 0.04 ነው፤ ስምንቱ ቦታ ላይ ያለው የውፍረት ልዩነት 0.01 አልሞላም። ቡሎኖቹን በቶርክ መፍቻ አጥብቄ፣ ልጆቹን ጭኜ 110 ላይ ፍሬን ያዝኩ። መሪው ዝም አለ።